ለድንጋይ እስትንፋስ የሚሰጥ ማን ነው? ስለ ሕንዶች የምስል ተከላ ሥርዓት

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓመታት በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ካስተማሩት የውጭ አገር መምህራን መካከል ሕንዶች እጅግ ብዙዎች እንደ ነበሩ ወላጆቻችንና አያቶቻችን ያስታውሳሉ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ከደቡብ ሕንድ፥ በተለይም ከከራላ የመጡ ነበሩ፤ ክርስቲያኖችም ሂንዱዎችም ነበሩባቸው። ስለ ትጋታቸውና ስለ ሒሳብ ዕውቀታቸው ብዙ ሲነገር እንሰማለን። ስለ መጡበት አገር ሃይማኖትና ልማድ ግን ከአንድ አጭር ፍርድ በቀር የምናውቀው ጥቂት ነው። ፍርዱም «ሕንዶች ድንጋይ ያመልካሉ» የሚል ነው።

ይህን ቃል አንድ ሃይማኖቱን የሚያውቅ ሂንዱ ቢሰማው፥ «ድንጋይማ ድንጋይ ነው» ብሎ ይመልስ ይሆናል። በእነርሱ ሥርዓት መሠረት በጠራቢው ግቢ ተጋድሞ ለሚገኝ ምስል፥ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን፥ ማንም አይሰግድለትም፤ አቧራ ይለብሳል፥ ገዥና ሻጭም ዋጋውን ይከራከሩበታል። አምላክ ያድርበታል የሚባለው የተወሰነው ሥርዓት ከተፈጸመለት በኋላ ነው። ይህም ሥርዓት በሳንስክሪት ቋንቋ «ፕራና ፕራቲሽታ» ይባላል። ፕራና ማለት እስትንፋስ፥ ፕራቲሽታ ማለትም መትከል፥ ማጽናት ማለት ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጽላት ከጠራቢው እጅ ወጥቶ ጳጳስ በቅብዐ ሜሮን እስኪያከብረው ድረስ ተራ ዕንጨት ወይም ድንጋይ መሆኑን፥ ከዚያ በኋላ ግን ከካህን በቀር ማንም እንዳይነካው መከልከሉን ለምናውቅ ሰዎች፥ ምንም እንኳ ትምህርቱ ፈጽሞ የተለየ ቢሆን፥ የነገሩ አካሄድ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም።

«ጣዖት» የሚለው ቃላችን በውስጡ ፍርድ ስላለበት በዚህ ጽሑፍ «ምስል» እያልሁ እጽፋለሁ፤ መፍረድ የሚፈልግ አንባቢ አንብቦ ከጨረሰ በኋላ ይፍረድ። እኔን የያዘኝ ጥያቄ ሌላ ነው። ድንጋይ በሥርዓት እስትንፋስ የሚቀበል ከሆነ፥ እስትንፋሱን ለመስጠት የሚፈቀድለት ማን ነው? በዚህ ጥያቄ ሕንዶች ረጅም ዘመን ተከራክረዋል፤ ክርክሩም በካህናት ጉባኤ ብቻ ሳይሆን በመንገድ ላይ፥ በፍርድ ቤትና በንጉሥ አዋጅ ጭምር የተደረገ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍሁት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

ብዙ ሰዎች ሕንዶች ከጥንት ጀምረው መቅደስና ምስል የነበራቸው ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። የሃይማኖታቸው ጥንታዊ መጻሕፍት የሆኑት ቬዳዎች ስለ መቅደስ ሕንጻ አይናገሩም። በዚያን ዘመን አምልኮ የሚፈጸመው ሜዳ ላይ በተሠራ መሠዊያ፥ በእሳት ዙሪያ ነበር፤ የነጠረ ቅቤና እህል ወደ እሳቱ ይጨመራል፥ መሥዋዕቱ ሲያልቅም ስፍራው ይተዋል። አማልክቱ ተጠርተው የሚመጡና ተሸኝተው የሚሄዱ እንግዶች እንጂ በአንድ ቤት ተቀማጮች አልነበሩም።

ምስል መሥራት በሕዝቡ መካከል ቀስ በቀስ እየተስፋፋ መጣ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት የነበረው የሰዋስው ሊቅ ፓታንጃሊ፥ የማውርያ ነገሥታት ወርቅ ፈልገው የአማልክት ምስል እንዳሠሩ በአንድ የሰዋስው ማብራሪያ ላይ ጠቅሷል። የታሪክ ማስረጃ ከሰዋስው መጽሐፍ መገኘቱ ቋንቋ መማር ለሚሰለቸው ተማሪ መልካም ምሳሌ ነው። በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ደግሞ ሄልዮዶሮስ የተባለ ግሪካዊ፥ ከታክሲላ ንጉሥ ተልኮ የመጣ መልእክተኛ፥ በመካከለኛው ሕንድ በቤስናጋር ለቫሱዴቫ ክብር የድንጋይ ዐምድ አቁሟል። ጽሑፉ ያለበት ይህ ዐምድ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። የውጭ አገር ሰው ሳይቀር ለሕንድ አምላክ መታሰቢያ ያቆምበት ዘመን ነበረ ማለት ነው።

መቅደስ መሥራት የተለመደ ነገር በሆነበት ዘመን፥ ይኸውም በ6ኛው መቶ ዓመት፥ በኡጃይን ከተማ ቫራሃሚሂራ የሚባል የከዋክብት ሊቅ ነበረ። «ብሪሃት ሳምሂታ» በተባለው ትልቅ መጽሐፉ ከዝናምና ከጨረቃ ግርዶሽ ጋር ስለ ምስል አሠራርና አተካከልም ጽፏል። ልኩን እንኳ ወስኖታል። የመቅደሱ በር ቁመት ከስምንት እጅ አንዱ ይቀነስለታል፤ የቀረው ሦስት ላይ ይከፈልና ሁለቱ እጅ ለምስሉ፥ አንዱ እጅ ለመቆሚያው ይሆናል። የሚሠራበት ነገርም የየራሱ በረከት አለው፤ የወርቅ ምስል ብልጽግናን፥ የብር ምስል ዝናን፥ የመዳብ ምስል የልጆች መብዛትን፥ የድንጋይ ምስልም ሰፊ መሬትን ያስገኛል ይላል።

እኔ ግን ከመጽሐፉ ሁሉ ይልቅ የወደድሁት ስለ ዛፍ አቈራረጥ የጻፈውን ነው። ምስሉ ከዕንጨት የሚሠራ ሲሆን ጠራቢው በመልካም ቀን ወደ ጫካ ይሄዳል። አስከሬን ከሚቃጠልበት ስፍራና ከመንገድ ዳር የበቀለውን፥ በኩይሳ አጠገብ ያለውን፥ መብረቅ የመታውን፥ ዝሆን የሰበረውን ዛፍ መንካት የለበትም። ደኅናውን ዛፍ ካገኘም ወዲያው አይቈርጥም። ሌሊቱን መብልና አበባ ያቀርብለታል፤ ለዛፉ ለምን እንደ ተመረጠ ይነግረዋል፤ በዛፉ ላይ የሚያድሩትንም መናፍስት መኖሪያቸውን ወደ ሌላ ስፍራ እንዲያዛውሩ ይቅርታ እየጠየቀ ይለምናቸዋል። ሲነጋ ዛፉን ውሃ አጠጥቶ፥ ማርና ቅቤ በተቀባ መጥረቢያ ከሰሜን ምሥራቅ በኩል መቍረጥ ይጀምራል። ይህን ያነበበ ሰው፥ ዛፍ ያለ ርኅራኄ በሚመነጠርበት በእኛ ዘመን፥ ጥቂት ሳያስብ አያልፍም።

ቫራሃሚሂራ ስለ ተካዩም ተናግሯል። ቪሽኑን የቪሽኑ አማኞች፥ ፀሐይን ማጋ የሚባሉት ካህናት፥ ሺቫን ዐመድ የሚቀቡት ብራህማናት ይትከሉ እያለ እያንዳንዱን ምስል ለየወገኑ ከፍሎ ሰጥቷል። እንግዲህ የተካዩ ማንነት ጥያቄ በዚያን ጊዜም ነበረ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት መቶ ዓመታት አጋማ የተባሉት የመቅደስ ሥርዓት መጻሕፍት ተበራከቱ፤ የሺቫ ወገኖች 28 ዋና ዋና አጋማዎችን ይቈጥራሉ፥ የቪሽኑ ወገኖችም ቫይካናሳና ፓንቻራትራ የሚባሉ ሁለት ሥርዓቶች አሏቸው። ዝርዝሩ ከአገር አገር ይለያያል፤ ዋናው አካሄድ ግን ተመሳሳይ ስለ ሆነ በደቡብ ሕንድ እንደሚደረገው አድርጌ እነግራለሁ።

በመጀመሪያ ድንጋዩ ይመረጣል። ሲመቱት እንደ ደወል የሚያስተጋባው ድንጋይ «ወንድ» ተብሎ ለአማልክት፥ ድምፁ ለየት ያለው «ሴት» ተብሎ ለእመ አማልክት፥ ድምፅ የሌለው ደግሞ ለሕንጻው ሥራ ይመደባል። ጠራቢው ምስሉን ከጨረሰ በኋላ ምስሉ ተወስዶ ውሃ ውስጥ ይጋደማል፤ ቀጥሎ በእህል ክምር ውስጥ ይቀበራል፤ በመጨረሻም አልጋ ተነጥፎለት ይተኛል። በውሃ ውስጥ መቈየቱ የተሰወረ ስንጥቅ ካለበት እንዲታወቅ ያደርጋል የሚሉ አሉ። ካህናቱ ግን ምስሉ በጠራቢው እጅ ያገኘውን ቍስልና እድፍ ለማንጻት ነው ይላሉ። መጋደም፥ መቀበር፥ መተኛትና መንቃት እየተከታተሉ ሲመጡ ላየ ሰው፥ ልጅ ከማኅፀን የሚወጣበትን ነገር ያስታውሰዋል። በእርግጥም ምስሉ የሚቆምበት ጨለማና ጠባብ ክፍል በሳንስክሪት «ጋርብሃግሪሃ»፥ ይኸውም የማኅፀን ቤት ይባላል።

በዚህ መካከል በመቅደሱ አጠገብ ዳስ ይጣላል፤ በዳሱም የእሳት ጕድጓዶች ይቈፈራሉ፥ ውሃ የሞሉ ገንቦዎችም በክር ተጠምጥመው፥ በቅጠልና በኮኮናት ተከድነው ይደረደራሉ። ካህናቱ ለብዙ ቀናት ጸሎቱን እያዜሙ ቅቤውን ወደ እሳት ይጨምራሉ። የጥንቱ የቬዳ እሳት አልጠፋም ማለት ነው፤ በአዲሱ መቅደስ ደጃፍ ተቀምጦ አዲሱን አምልኮ ያገለግላል። ምስሉ በሚቆምበት ጕድጓድ ውስጥ ወርቅና የከበሩ ድንጋዮች ይጨመራሉ። ከዚያም ምስሉ ከመቆሚያው ጋር ስምንት ነገሮች ተደባልቀው በሚሠሩት ማጣበቂያ ይያያዛል፤ ሙጫ፥ ሰም፥ ቀይ አፈር፥ ቅቤና ጥጥ ከስምንቱ መካከል ናቸው። ይህ ማጣበቂያ በሙቀትና በውሃ ብዛት በዓመታት ውስጥ ይላላል፤ ይህም ከዚህ በታች ለምንናገረው መታደስ አንዱ ምክንያት ነው።

ከሥርዓቱ ሁሉ እጅግ የሚፈራው ዐይን የሚከፈትበት ሰዓት ነው። ጠራቢው ምስሉን ሲጨርስ ዐይኑን ሳይቀርጽ ወይም ብሌኑን ሳያወጣ ይተወዋል። በተወሰነው ሰዓት በወርቅ መርፌ ወይም በትንሽ መሮ የዐይኑ መስመር ይወጣል። የመጀመሪያው እይታ ብርቱ ኀይል አለው ተብሎ ስለሚታመን በምስሉ ፊት ሰው አይቆምም፤ መስተዋት ይቀርብለታል፥ ላምና ጥጃ፥ የእህል ክምርና መልካም የሆነ ነገር ሁሉ ይታይለታል። ከዚያም ካህኑ የምስሉን አካል ከራስ እስከ እግር እየነካ በየክፍሉ የተመደበውን ቃል ይናገራል፤ እስትንፋስም በዚያ ይገባል ይባላል። ከዚህች ሰዓት ጀምሮ ምስሉን በእጁ የሠራው ጠራቢ እንደ ማንኛውም ሰው ከደጅ ቆሞ ይሰግዳል እንጂ ወደ ውስጥ ገብቶ ሊነካው አይችልም። ወራት ሙሉ በላዩ ላይ ተቀምጦ ሲጠርበው ለነበረ ሰው ይህ ምን ያህል እንግዳ ስሜት እንደሚሰጥ መገመት አያስቸግርም።

የዐይን መክፈት ሥርዓት በጎረቤት ደሴት በስሪላንካ በቡድሃ አማኞችም ዘንድ አለ። በ1660 ተማርኮ ወደ ሃያ ዓመት ያህል በዚያ ደሴት ግዞተኛ ሆኖ የኖረው እንግሊዛዊው መርከበኛ ሮበርት ኖክስ በ1681 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ምስሉ ዐይን እስኪወጣለት ድረስ በአንጥረኛው ቤት እንደ ማንኛውም የብረት ቍራጭ ወዲያና ወዲህ እንደሚጣል፥ ዐይኑ ከተሠራ በኋላ ግን አምላክ ተብሎ እንደሚከበር ጽፏል። ኖክስ የሰዎቹን ሃይማኖት የሚወድ ሰው አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ያየውን በትክክል ተመልክቷል።

እስትንፋስ የገባበት ምስል እንደ ንጉሥ ይኖራል። ጧት በዜማ ይነቃል፥ ይታጠባል፥ ይለብሳል፥ ምግብ ይቀርብለታል፥ ማታም ይተኛል። ሕንጻው ሲያረጅ ወይም ማጣበቂያው ሲላላ እንደ ልማዱ በየ12 ዓመቱ ገደማ እድሳት ይደረጋል። በዚያን ጊዜ ካህናቱ ኀይሉን ከምስሉ አውጥተው ወደ ገንቦ ውሃ ያስገቡታል፤ ሥራው ሲያልቅ ውሃው በጉልላቱና በምስሉ ላይ ፈስሶ ኀይሉ ይመለሳል። ይህ ትልቅ በዓል «ኩምባቢሼካም» ይባላል፤ ኩምባ ማለት ገንቦ ነው።

ለዚህ ከሁሉ የታወቀው ምሳሌ በታሚል አገር በታንጃቩር ያለው የብሪሃዲሽቫራ መቅደስ ነው። በ985 የነገሠው ቀዳማዊ ራጃራጃ የቾላ ንጉሥ ያሠራው ይህ መቅደስ ከ60 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። በግድግዳው ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ እንደሚለው ንጉሡ በነገሠ በ25ኛው ዓመት በ275ኛው ቀን፥ ይኸውም በ1010 ገደማ፥ በጫፉ ላይ የሚደረገውን የመዳብ ጉልላት ሰጠ። ከሺህ ዓመት በፊት የተደረገ ነገር በቀኑ ቍጥር ተጽፎ መገኘቱ ለታሪክ ተማሪ ታላቅ ደስታ ነው። በዚሁ መቅደስ በጁን 1997 ለኩምባቢሼካም በተጣለው የሣር ዳስ እሳት ተነሥቶ ከ40 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል። ከዚህ በኋላ በዓሉ ለ23 ዓመት ሳይደረግ ቈየ። በ2020 ሊደረግ ሲታሰብ ደግሞ ሌላ ክርክር ተነሣ። ታሚሎቹ፥ «መቅደሱ በአገራችን ንጉሥ ተሠርቶ ሳለ ጸሎቱ በሳንስክሪት ብቻ ስለምን ይሆናል?» ብለው ፍርድ ቤት ቀረቡ። ፍርድ ቤቱም በሁለቱም ቋንቋ እንዲሆን ስለ ወሰነ፥ ፌብሯሪ 5 ቀን 2020 ውሃው በታሚልና በሳንስክሪት እየተጸለየበት ከጉልላቱ ላይ ፈሰሰ። በግዕዝና በአማርኛ መካከል ያለውን የእኛን ጉዳይ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ክርክር ማብራሪያ አያሻውም።

በምሥራቅ ሕንድ በኦዲሻ አገር በፑሪ ከተማ ያለው የጃጋናት መቅደስ ደግሞ ከሌሎቹ ሁሉ ይለያል። በዚያ ያሉት ምስሎች፥ ይኸውም ጃጋናት፥ ወንድሙ ባላባድራ፥ እኅቱ ሱባድራና ሱዳርሻና የተባለው ምልክት፥ ሁሉም ከኒም ዛፍ የተሠሩ ናቸው። ዕንጨት ስለሚያረጅ በጨረቃ ወራት አቈጣጠር እየተወሰነ ከ8 እስከ 19 ዓመት ባለው ጊዜ ይለወጣሉ፤ ካለፉት መካከል 1950፥ 1969፥ 1977፥ 1996ና 2015 የሚጠቀሱ ናቸው። ቫራሃሚሂራ አስከሬን ከሚቃጠልበት ስፍራና ከኩይሳ አጠገብ ያለውን ዛፍ ሲከለክል፥ የፑሪ ሰዎች ግን እነዚህኑ እንደ መልካም ምልክት ይፈልጓቸዋል። መጽሐፍና ልማድ ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆኑ ከዚህ እንረዳለን።

አዲሶቹ ምስሎች ከተጠረቡ በኋላ በአሮጌው ጃጋናት ውስጥ ያለው «ብራህማ» የተባለ ምሥጢራዊ ነገር ወጥቶ ወደ አዲሱ ይገባል። ይህን የሚያደርጉት አረጋውያን ዐይናቸው በጨርቅ ተሸፍኖ፥ እጃቸውም ተጠቅልሎ ነው፤ ስለዚህ ምን እንደ ሆነ አያዩም፥ በእጃቸውም አይለዩም። አሮጌዎቹ ምስሎች በመቅደሱ ግቢ ይቀበራሉ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ግን ይህን ሥራ የሚሠሩት ዳይታፓቲ የተባሉት አገልጋዮች ብራህማናት አለመሆናቸው ነው። በትውፊታቸው የዘር ሐረጋቸውን የሚቈጥሩት ቪሽቫቫሱ ከተባለ የሳቫራ ጫካ ሕዝብ አለቃ ነው፤ ራሳቸውን የአምላኩ ዘመዶች ስለሚያደርጉም አሮጌው ምስል ሲቀበር እንደ ሞተባቸው ሰዎች ሐዘን ይቀመጣሉ። በ2015 ግን በሌሊት ሊፈጸም የሚገባው ይህ ሥራ በአገልጋዮቹ ክርክር ምክንያት እስከ ማግሥቱ ቀን በመዘግየቱ በአገሩ ሁሉ ቍጣ ተነሥቶ ነበር።

አሁን ወደ ፍርድ ቤት እንሂድ። በሕንድ ሕግ በሥርዓት የተተከለ ምስል ንብረት ሊኖረው፥ ሊከስስና ሊከሰስ ይችላል፤ እንደ ሕፃን ስለሚቈጠርም በሞግዚት በኩል ይናገራል። በ1925 በካልካታ አንድ ቤተሰብ የቤቱን አምላክ ማን በየት ያኑር ብሎ ተካስሶ ጉዳዩ ለንደን በሚገኘው የንጉሡ ምክር ቤት ፊት ሲቀርብ፥ ዳኞቹ የምስሉም ፈቃድ በወኪሉ በኩል መሰማት አለበት ብለው ወሰኑ። ከዚህም የሚበልጥ ነገር በኋላ ታየ። በ1976 በታሚል አገር በፓቱር መንደር አንድ የቀን ሠራተኛ መሬት ሲቈፍር የሚጨፍረውን ሺቫ የሚያሳይ የነሐስ ምስል አገኘ። በጦርነት ዘመን ካህናት ምስሎችን ከዘራፊ ለማዳን ይቀብሩ ነበርና እንዲህ ያለው ግኝት በዚያ አገር እንግዳ አይደለም። ምስሉ በነጋዴዎች እጅ ወደ እንግሊዝ ወጥቶ በ1982 ለአንድ የካናዳ ኩባንያ ተሸጠ። ፖሊስ ያዘው፤ ክርክሩም ለንደን ላይ ዓመታት ፈጀ፤ በከሳሾቹም መካከል የፈረሰው መቅደስ ራሱ ነበረ። የእንግሊዝ ፍርድ ቤት በ1988 ለመቅደሱ ፈረደ፥ ይግባኝ ሰሚውም በ1991 አጸናው፥ ምስሉም በዚያው ዓመት ወደ አገሩ ተመለሰ። የተቀበረና ብዙ መቶ ዓመት ያልተሰገደለት ምስል መብቱ አለመሞቱ ነው ጉዳዩን ታላቅ ያደረገው። የተወሰደባቸውን ቅርስ ለማስመለስ ለሚደክሙ አገሮች ሁሉ፥ የእኛንም ጨምሮ፥ ይህ ፍርድ ሊጠና የሚገባው ነው።

ነገር ግን ምስል ባለ መብት መሆኑ ሁልጊዜ ሰላም አያመጣም። በአዮድያ ከተማ በ1949 ዲሴምበር ወር አንድ ሌሊት የራማ ምስል በ16ኛው መቶ ዓመት በተሠራ መስጊድ ውስጥ ተቀምጦ ተገኘ። ክሱ ዓመታት ቈየ፤ በ1989 ሕፃኑ ራማ ራሱ በሞግዚቱ በኩል ከሳሽ ሆነ፤ በ1992 ዲሴምበር 6 ቀን ብዙ ሕዝብ መስጊዱን አፈረሰው፥ በተከተለውም ሁከት ብዙ ሰዎች አለቁ። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2019 የመስጊዱ መፍረስ ሕግን የሚጥስ መሆኑን ተናግሮ መሬቱን ግን ለመቅደስ ሰጠ፤ ለሙስሊሞቹም ሌላ ስፍራ እንዲሰጣቸው አዘዘ። ጃንዋሪ 22 ቀን 2024 የምስሉ ተከላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ባሉበት ሲደረግ፥ ሻንካራቻርያ ከሚባሉት ታላላቅ የሃይማኖት አባቶች አንዳንዶቹ አልተገኙም። ካቀረቡትም ምክንያት አንዱ ሕንጻው ሳይፈጸም ምስል ሊተከል አይገባም የሚል ነበር።

የጥያቄዬን መልስ ይበልጥ ያገኘሁት ግን በዚያ በመምህራኑ አገር በከራላ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት የከራላ ማኅበራዊ ኑሮ በጎሣ ክፍል እጅግ የጠበቀ ነበር። ኢዣቫ የሚባሉት ሰዎች፥ በቍጥር ብዙዎች ሆነው ሳለ፥ ከብራህማን የተወሰነ ርቀት ካልራቁ ያረክሱታል ይባል ነበር። ወደ ታላላቆቹ መቅደሶች መግባት ይቅርና በአጠገባቸው ባለው መንገድ ማለፍም ለብዙዎቹ ክልክል ነበረ። ምስል መትከልማ የብራህማን ሥራ ብቻ ነበር።

ከእነዚሁ ከኢዣቫዎች ወገን ናራያና ጉሩ የተባሉ መምህር ተነሡ። ሳንስክሪትን ተምረው፥ በዋሻም ኖረው የተመለሱ ባሕታዊ ነበሩ። በ1888 በሺቫ በዓል ሌሊት አሩቪፑራም በተባለ ስፍራ ወደ ኔያር ወንዝ ገብተው ድንጋይ አወጡ፤ በወንዙም ዳር እንደ ሺቫ ምስል አድርገው ተከሉት። የተጠረበ ምስል አልነበረም፥ የወርቅ መርፌም አልነበረም። ብራህማናት፥ «ይህን ለማድረግ ማን ፈቀደልህ?» ብለው በጠየቋቸው ጊዜ፥ የተከሉት የኢዣቫዎችን ሺቫ መሆኑን በትሕትና መለሱላቸው ይባላል። በዚህ መልስ የሚከራከሩበትን ነገር አሳጧቸው። በስፍራውም ሰዎች ያለ ጎሣና ያለ ሃይማኖት ልዩነት በወንድማማችነት የሚኖሩበት አርአያ ቦታ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ አኖሩ።

ከዚያ በኋላ ናራያና ጉሩ በከራላ ውስጥ በየስፍራው ብዙ መቅደሶችን ተከሉ፤ በመቅደሶቹም አጠገብ ትምህርት ቤቶች ተሠሩ። በ1903 በስማቸው የተቋቋመው ማኅበርም ለኢዣቫዎች ትምህርትና ሥራ ይታገል ጀመር። በ1924 በቫይኮም መቅደስ ዙሪያ ያለው መንገድ ለሁሉ እንዲከፈት ሰላማዊ ትግል ተደረገ፤ ጋንዲም በ1925 ወደዚያ መጥተዋል። በመጨረሻ የትራቫንኮር ንጉሥ በ1936 ኖቬምበር 12 ቀን በመንግሥቱ ሥር ያሉት መቅደሶች ለሂንዱዎች ሁሉ ያለ ጎሣ ልዩነት እንዲከፈቱ ዐወጁ። መግባት ተፈቀደ፤ ማገልገል ግን ገና ነበር። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዕውቀቱ ያለው ሰው ብራህማን ባይሆንም ካህን ሊሆን እንደሚችል የወሰነው በ2002 ነው። በ2017 የትራቫንኮር መቅደሶች አስተዳደር ፈተና ያለፉ 36 ብራህማን ያልሆኑ ካህናትን ለመሾም ሲመርጥ፥ ስድስቱ ቀድሞ የማይነኩ ይባሉ ከነበሩት ወገኖች ነበሩ።

ናራያና ጉሩ ይህን ሁሉ ሳያዩ በ1928 ዐረፉ። ከማረፋቸው አንድ ዓመት አስቀድሞ በ1927 ካላቫንኮዳም በተባለ መንደር መቅደስ ተሠርቶ እንዲባርኩ ተጠሩ። የአገሩ ሰዎች ምን ዓይነት ምስል ይተከል በሚለው ነገር አልተስማሙም ነበር። መምህሩም መስተዋት አምጡልኝ አሉ፤ «ኦም» የሚለውን ቅዱስ ቃል ከመስተዋቱ ጀርባ ፍቀው አወጡና ምስል በሚቆምበት ስፍራ አቆሙት። ወደዚያ መቅደስ ቀርቦ የሚመለከት ሰው የሚያየው ያንን ቃልና የራሱን ፊት ነው።